የአባ በክሪ ክትባት

በ1980 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከአባ በክሪ ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። የአባ በክሪ ሚስት ሞተዋል፤ ልጃቸው ረዲያ ድሬዳዋ ተድራለች። እኔም በአካባቢው ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። የእሳቸውን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ በጣታቸው ሁለቴ ይመቱታል።

«አንተ ጎበዝ! ሆጃው ደርሷል!»

ስሜ ጎበዜ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አላረምኳቸውም። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ አንድ ኩባያ ለእኔ፣ አንድ ኩባያ ለራሳቸው ይቀዱና ወሬያችን ይቀጥላል። ቀን ከበሽተኛ ጋር ስለ በሽታ አወራለሁ፤ ስለ ሌላ ነገር የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር።

አባ በክሪ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ስለ መካ ነው። ተራ ሲጠብቁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ዓመት ተራቸው ደረሰ።

በዚያው ዓመት ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ያልወሰደ ሰው ወደ ሐጅ እንዳይሄድ የሚል ትእዛዝ መጣልን። ባለፈው ዓመት በሽታው በተጓዦች መካከል ገብቶ ነበር፤ ከሚኤሶ ሄደው እዚያው የቀሩ አንድ ሰው ነበሩ። በከተማችን ክትባቱን እንድሰጥ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ በሽታው በሳልና በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ሰው በተጨናነቀበት እንደሚበረታ፣ ከበረራው ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መከተብ እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። የተጓዦቹ መሪ የጫት ነጋዴው ዘይኑዲን ነው። እሱ ንግግሬን በኦሮምኛ አሳጥሮ ተረጎመው።

አባ በክሪ ያን ቀን ስላልነበሩ ማታውን ሆጃ እየጠጣን ለብቻቸው ነገርኳቸው።

«ሳይከተቡ እንዳይቀሩ።»

«ያለሱ ባሕር ይሻገራል እንዴ? ነገ ጠዋት በደሳ እሄዳለሁ።»

ባልደረባዬ ታደሰ በዚያ ሰሞን በደሳ እየከተበ ስለነበር አልገረመኝም። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ጠየቅኳቸው።

«ተከተቡ?»

«ተከተብኩ፣ ወላሂ! የከተበኝ ሰው እጁ የተባረከ ነው።»

ታደሰ እንዲህ ሲመሰገን ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቅኩ። መከተባቸውን የሚያረጋግጠውን ቢጫ ካርድ ግን አሳዩኝ አላልኩም።

አሳዩኝ ያልኩት በጉዟቸው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘይኑዲን ወረቀታቸውን ሊሰበስብ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል።

«አባ በክሪ፣ ቢጫውን ያምጡና ማኅተሙን ልየው።»

«ቢጫ አይደለም፤ ቀይ ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረች፣ ዙሪያዋን የተሰፋች ትንሽ ቀይ ቆዳ አለች። «የበደሳው ሼክ በእጃቸው ነው የጻፉልኝ። ለመንገዱም፣ ለበሽታውም።»

ክታብ ነው። እኔ ተከተቡ ስላቸው እሳቸው ክታብ አስከትበው መጡ።

ዘይኑዲን በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ አፉን ያዘ።

«እኔ ያልኩዎት መርፌውን ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን መርፌ አላልከኝም? መርፌ ብትለኝ እኮ በማግሥቱ እመጣልህ ነበር። መርፌ እፈራለሁ እንዴ?»

በመርፌ ፋንታ የኮሌጁን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሦስታችንም ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ወጋኋቸው። ካርዳቸውን ሞልቼ የቀን ማኅተሙን አነሳሁ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ የሚነሳው በስምንተኛው ቀን ነው፤ አሥር ቀን ያልሞላው ካርድ ደግሞ አያሳልፍም። ሌላ በረራ የለም፤ የቀረ ሰው ካለ በቦታው ተከታዩ ይገባል።

«ሁለት ቀን እኮ ነው የጎደለው» አለ ዘይኑዲን። «ቀኑን ወደ ኋላ መልስና ምታው። ማን ይቆጥራል?»

«ሰውነታቸው ይቆጥራል።»

ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። አባ በክሪ መሬት መሬት እያዩ ነው።

«እዚያ ብሞትስ? እዚያ ለሚሞት ሰው ይታዘናል?»

«ብቻዎን አይደለም የሚታመሙት፤ አጠገብዎ የሚተኛም ሰው አለ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ ለሁለት ቀን ታስቀረኛለህ?»

ማኅተሙ ላይ ያለችው የቁጥር ጎማ በአውራ ጣት ትዞራለች። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። የሚኤሶውን ሰው አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ግድግዳውንም አሰብኩ፤ እሳቸው ከሄዱ ስንት ሳምንት ዝም እንደሚል። በዚህ የተነሳ እምቢ ያልኩት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። የዕለቱን ቀን መታሁ።

በማግሥቱ አባ በክሪ መኪና መናኸሪያ ድረስ ሄደው ተጓዥ ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ አቅፈው ሸኙ። እኔ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ሆጃው ሲፈላ ሸተተኝ፤ ከዚያም ሲቀዳ ሰማሁ። ግድግዳው ግን አልተመታም። በሦስተኛው ቀን እኔው መታሁት።

«አባ በክሪ፣ ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ከማዶ።

በስምንተኛው ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ። የጅዳ አውሮፕላን በእኛ ከተማ ላይ እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ ግን አልነገርኳቸውም።

በአሥረኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። አባ በክሪ ናቸው። አንገታቸው ላይ ከክንዳቸው ክታብ የሚበልጥ አዲስ ቀይ ቆዳ አንጠልጥለዋል። ከፈቱትና ቢጫ ካርዱን አወጡ። ቆዳውን የሰፋላቸው ያው የክንዳቸውን ክታብ የሰፋላቸው የበደሳ ሰው ነው።

«ዛሬ አሥር ሞላ» አሉኝ። «ቆጥሬዋለሁ።»

«አዎ፣ ሞላ።»

«አሁን ብሄድ በሽታው አያገኘኝም?»

«በዚህኛው በኩል አይስጉ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሦስት ዓመት።»

ይግቡ አልኳቸው፤ አልገቡም። ካርዱን በጥንቃቄ አጥፈው ወደ ቆዳው መለሱና አፉን አሰሩት።

«ካርዱ ሦስት ዓመት ይሠራል» አሉ። «እኔስ፣ ጎበዜ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ስሜን አስተካክለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ጎበዝ ቢሉኝ በወደድኩ።