ከድምፅ ማጉያው አንድ ሜትር

"ይሄኛው ይወዛወዛል" አለች፤ ሠላሳ ስድስተኛውን ወንበር በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ እየነቀነቀች።

መሰላል ላይ ወጥቶ ባነሩን የሚያስረው ባለታክሲ ዞር ብሎ አያት። "አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ላይ የሚቀመጠው እኮ የሮክ አፍቃሪ ነው። መወዛወዙ መች ይቀራል?"

"ሰውየው ይወዛወዝ፤ ወንበሩ ግን ቀጥ ይበል።"

ወረቀት አጥፋ ከአጭሩ እግር ሥር ወሸቀች፤ እንደገና ነቀነቀችው፤ ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገችና ወደ ሠላሳ ሰባተኛው አለፈች። የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ዓይኗን ጨፍና የደም ሕዋስ ስትቆጥር ኖራለች። የሮክ አፍቃሪዎች ማኅበሩ አባላት "ማይክሮስኮፕ" ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። ባለታክሲው ደግሞ "አዝማች" ነው፤ በሃያ ዓመት አፍቃሪነቱ ከየዘፈኑ የሚያውቀው አዝማቹን ብቻ ስለሆነ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተበተነው ባንዳቸው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ባለው አዳራሽ ይጫወታል። ሠላሳ ዘጠኙ የማኅበሩ አባላት ከዚያ በፊት የሚገናኙት እዚህ፣ ከትምህርት ቤቱ በተዋሱት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ባንዱ ሳይበተን የጀመረ ልማድ አላቸው። በኮንሰርት ቀን የባንዱን የመጀመሪያ ካሴት ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ያለ አንዳች ወሬ ያዳምጣሉ። ያወራ ሰው ብርጭቆ ያጥባል።

ማይክሮስኮፕ መጨረሻ ላይ ሜትሯን አውጥታ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ እስከ አንደኛው ወንበር ለካች። ልክ አንድ ሜትር።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አለ አዝማች ከመሰላሉ እየወረደ።

"የእትዬ።"

"ትመጣለች?! እውነትሽን ነው?"

"እመጣለሁ ብላለች።"

ደስታዋን ለመደበቅ ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለች። ታላቅ እህቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሽመና ማሽን ላይ ሠርታለች፤ የማሽኖቹ ጩኸት ሁለቱንም ጆሮዋን ጎድቶታል። የመስሚያ መሣሪያ ካደረገች አራት ዓመት ሆናት። ወደ ማኅበሩ ከመጣች ግን ስድስት ዓመት አልፏል። አንዴ ጉልበቴ ነው፣ አንዴ ልብስ ዘፍዝፌ፣ አንዴ እንግዳ መጥቶብኝ ትላለች። ያን ካሴት በሥራ ሽርጧ ኪስ ይዛ ቤት የገባችው ግን እሷ ነበረች። ያኔ እሷ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሿ አሥራ አንድ ነበር። ግጥሙን ቃል በቃል ያስጠናቻትም እሷው ናት። ትናንት በስልክ የላከችው መልእክት አጭር ነበር። "እሺ፣ እመጣለሁ። ግን አታካብጂው።"

እህትየው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጣች። ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ አረማመዷም ቀጥ ያለ ነው። ማይክሮስኮፕ ጉልበቱ ምንም እንዳልሆነ በልቧ መዘገበች። የድሮ ወዳጆች ከብበው ሁሉም በአንድ ጊዜ አናገሯት። እሷ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ሰጠች። ፈገግታው ከቃሉ ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚደርሰው።

"ነይ፣ ቦታሽ እዚህ ነው። እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማሻል" አለቻት ማይክሮስኮፕ እጇን ይዛ።

እህትየው ድምፅ ማጉያውን አየች፤ ቁመቱ እስከ ደረቷ ይደርሳል። ከዚያ እህቷን አየች። "ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?"

"ላንቺ ነው።"

ተቀመጠች።

ካሴቱ ተከፈተ፤ ክፍሉ ጭጭ አለ። የመጀመሪያው ጊታር ሲገባ የእህትየው ትከሻ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ። በመጀመሪያው ዘፈን መሐል ቦርሳዋን የጨበጡት ጣቶቿ ነጡ። ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ፤ ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ብድግ አለችና በወንበሮቹ መሐል አልፋ ወጣች።

ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ደንብ ነው። አዝማች ብቻ ሁለቱንም ቅንድቡን ሰቅሎ "ምን ሆነች?" በሚል ዓይን አየ። ማይክሮስኮፕ በጫፍ እግሯ ተከተለቻትና በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋች።

እህትየው ከኮሪደሩ መስኮት ሥር ቆማ ነበር። ማይክሮስኮፕ ከንፈሯ እንዲታያት ፊት ለፊቷ ዞረች።

"ጉልበትሽ ነው?"

"ጉልበቴ ምን ሆነ?"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ያመመሽ ጉልበት ነዋ።"

እህትየው ሳታስበው ሳቀች። "ውይ! እሱማ ድኗል።"

"እትዬ፣ የእውነትሽን ንገሪኝ።"

"ጠጠር ነው" አለች። "የጭነት መኪና ጠጠር ሲያራግፍ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ጠጠር ተራገፈ።"

"ድምፁን ዝቅ አስደርገዋለሁ።"

"ያኔ ጠጠሩ ደቃቅ ይሆናል።"

"መሣሪያውን ሐኪሙ ጋ ወስደን ብናስተካክለው..."

"ስሚኝ እስቲ።" እህትየው በጣቷ ግንባሯን ነካች። "ያ ዘፈን እዚህ አለ። እያንዳንዱ ቃል፣ እያንዳንዱ ጊታር፣ እንደነበረ። ልብስ ሳጥብ እከፍተዋለሁ። መንገድ ላይ እከፍተዋለሁ። አንድ ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠጠር ስሰማ ካመሸሁ፣ ነገ ልብስ ሳጥብ የትኛው ነው የሚመጣልኝ? የቀረኝ እሱ ብቻ ነው እኮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? እነዚያን ወንበሮች ሁሉ አንድ በአንድ እንደነቀነቅሽ ሳላይ አውቃለሁ። እኔን ግን ምን ይሰማሻል ብለሽኝ አታውቂም።"

ማይክሮስኮፕ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ሳትወስድ ውጤት ጽፋ አታውቅም። ለእህቷ ግን፣ ጆሮው ከደከመ ድምፁን ማቅረብ ነው ብላ፣ ያለ ናሙና ጽፋላት ነበር፤ በሜትር ለክታ።

"ታዲያ ዛሬ ለምን መጣሽ?" አለቻት።

"ላያቸው ነዋ! ድራመሩ መላጣ ሆኗል አሉ። እሱን ሳላይ ልሙት?"

ሁለቱም ሳቁ። ማይክሮስኮፕ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሄዳ የማኅበሩን ቦታ መረከብ አለባት። "አብረን እንሂድ። አሁን እየሞከሩ ነው፤ ታያቸዋለሽ። ካልተመቸሽ ቤትሽ አደርስሻለሁ። አልጨቀጭቅሽም።"

"አንቺ? አትጨቀጭቂም?"

"ጽፌ ልፈርም?"

የአዳራሹ ኃላፊ ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከመድረኩ ፊት በነጭ ኖራ የተሠመረውን አራት ማዕዘን አሳዩዋት። "ይኸውልሽ ልጄ፣ የናንተ ቦታ። ከዚህ በላይ የሚቀርብ መድረኩ ራሱ ነው።"

መድረኩ ላይ ባንዱ ይሞክራል። ድራመሩ በእርግጥም መላጣ ሆኗል። እህትየው እሱን አይታ ስትጨርስ የመስሚያ መሣሪያዎቿን ከሁለቱም ጆሮዋ አውጥታ በትንሽ ሣጥን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አሁን አታናግሪኝ" አለች። "ጠጠሩን ቤቱ አስገብቼዋለሁ።"

በኖራው መስመር ውስጥ ቆመች። ጥቂት ጠብቃ ራሷን ነቀነቀች። "ሲሚንቶ ነው፤ ምንም አይነግርሽም።" ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ እንደገና ሁለት እርምጃ። ማይክሮስኮፕ ይህን አካሄድ አወቀችው። በልጅነቷ ምሳ ልታደርስላት ፋብሪካው ስትሄድ አይታዋለች። ከአርባ ማሽን የቱ ሊበላሽ እንደሆነ በዚያ ጩኸት ውስጥ በጆሮ የሚለይ ሰው አልነበረም። እህቷ ግን በወለሉ ንዝረት፣ በእግሯ ትለይ ነበር፤ መካኒኮቹም እሷ ጋ መጥተው ነበር የሚጠይቁት።

በአዳራሹ ጎን፣ አምስት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ወለሉ ከአሮጌ ሳንቃ የተሠራ ሰገነት አለ። እህትየው ወጣች። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መዳፏን የእንጨቱ መደገፊያ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ማይክሮስኮፕ ተከትላ ወጥታ ከጎኗ ቆመች። ልታናግራት ከንፈሯን ከፈተችና ትዝ ሲላት ዘጋችው። ቆይታ የእህቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ግጥሙን ነበር የምትለው፤ ከታች ከሚዘፍነው ሰው ጋር እኩል እየገባች፣ እኩል እየወጣች።

ድንገት ዓይኗን ከፈተች። "ይቸኩላል!" አለች፤ የራሷን ድምፅ መጠን ስለማትሰማ አዳራሹን አስተጋባችው። "እዚህ ጋ ሲደርስ አሁንም ይቸኩላል!"

ሙዚቃው ቆመ። ድራመሩ በዱላው ዓይኑን ከመብራት ከልሎ ወደ ሰገነቱ አየ። "ማን ናት?"

ቤዝ ተጫዋቹ ጊታሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "እሰይ! ሃያ ዓመት ነገርኩህ፣ እምቢ አልከኝ። ይኸው ምስክር መጣብህ!"

"ምን አለ?" አለች እህትየው።

ማይክሮስኮፕ ፊት ለፊቷ ዞራ ቃል በቃል ነገረቻት። እህትየው አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ልክ ያኔ ካሴቱን ይዛ በገባችበት ቀን እንደሳቀችው ሳቀች።

ኃላፊው ደረጃው ሥር ደርሰው አንገታቸውን አቅንተው ነበር። "ሳንቃው አርጅቷል፤ ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ አላስወጣም። የሁለት ሰው ቦታ ግን አለኝ። የፊቱን የምትለቁ ከሆነ ማለት ነው።"

ማይክሮስኮፕ የኖራውን አራት ማዕዘን ከላይ አየችው። የማኅበሩን አንደኛ ደንብ የጻፈችው ራሷ ናት፦ በኮንሰርት ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ይቆማል፣ ማንም ተነጥሎ አይወጣም። ዛሬ ደግሞ ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ የማኅበሩን ሰብሳቢ፣ እሷን፣ ሊጨብጥ ቃል ገብቷል። ለዚያ ብላ ሸሚዟን ሁለት ጊዜ ተኩሳለች።

እህትየው መሣሪያዋን መልሳ አድርጋ ኃላፊውን ሰምታቸው ነበር። "አንቺ ከሰዎችሽ ጋር ሁኚ" አለቻት። "እኔ ሞግዚት አልፈልግም።"

"ሞግዚት አይደለሁም።"

"ታዲያ ምንድን ነሽ?"

"ካሴቱን መጀመሪያ ቀን አብሬሽ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ኋላ ነው የመጡት።"

"እሺ" አለች እህትየው። "ግን አንድ ነገር። እኔን እያየሽ አታምሺ። ደስ ብሏት ይሆን፣ ከፍቷት ይሆን እያልሽ ስትመረምሪኝ፣ እኔም አንቺን ላስደስት ብዬ ፈገግ ማለት እጀምራለሁ። ያኔ ለኔ ሥራ ነው።"

"አላይሽም።"

"እናያለን።"

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማይክሮስኮፕ በአዳራሹ በር ላይ የስም ዝርዝሩን ለአዝማች ሰጥታ፣ እሷ ሰገነቱ ላይ እንደምትሆን ነገረችው።

"አንደኛውን ደንብ የጻፈው ማን ነበር?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"እና?"

"ጣስኩት። ብርጭቆውን ሁሉ አጥባለሁ።"

"ሠላሳ ዘጠኙንም?"

"ሠላሳ ዘጠኙንም። ዘፋኙ ሲመጣ የምትጨብጠው አንተ ነህ።"

አዝማች እጁን በሱሪው ጠረገ። "እንዴ! ምን ልበለው?"

"አዝማቹን ዝፈንለት። ሌላ ምን ታውቃለህ?"

መብራቱ ጠፋ። የሕዝቡ ጩኸት ከታች ተነሣ፤ ሰገነቱ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ሰዎች ወደ መደገፊያው ተጠጉ። የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ የሳንቃው ንዝረት ከማይክሮስኮፕ ጫማ ሥር ተነሥቶ በጉልበቷ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማት፤ ከዚህ በፊት በየትኛውም ኮንሰርት ልብ ብላው አታውቅም። በግራ ዓይኗ ጥግ የአረንጓዴ ቀሚስ እጅጌ ይታያታል። ትንሽ ብቻ ብትዞር ትከሻው ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ ጣቶቹ ነጥተው እንደሆነ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ሴኮንድ አይፈጅም።

ዘፋኙ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ። ያ ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው። አንገቷ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘችውና መለሰችው። ከዚያ መድረኩን ብቻ እያየች፣ የሚወጣው ድምፅ ያምር እንደሆነ ሳትጨነቅ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ዘፈነች።