የሁዎ ቤት ታፔላ

በቻይናዋ ቺንግሹ አቼቶ የማይጠምቅ የለም፤ የሁዎ ቤት አቼቶ ግን አንድ ነው። አባትየው ጠምቀው አለፉ፣ ልጃቸው ሁዎ ሱፈን እሷም ጸጉሯ እስኪሸብት ጠመቀች። ደንበኛው የራሱን ጠርሙስ ይዞ እየመጣ ከጋኑ ያስቀዳል። ደረሰኝ የለ፣ ልጣፍ የለ። የቀመሰ ያውቀዋል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል ትል ነበር። ወይ የዋህነት!

የቤቱን ስም የራሱ አድርጎ ያስመዘገበባት ከእሷው እጅ ሙያ የለመደው ጂን ባኦሊን ነው። ሊማር ሲገባ ተንበርክኮ ሻይ አቀረበላት፣ እሷም ፉት አለችለት፤ በዚያ አገር ውል ማለት ይኸው ነው። የአንድ ቀን መምህር የዕድሜ ልክ ወላጅ ይባላል፤ ከወላጅ ጋር ደግሞ ማን ይፈራረማል? ሠልጥኖ ወጥቶ ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ፣ ጠርሙሱ ላይም «የሁዎ ቤት» ብሎ ጻፈ። ይህን ስትሰማ እንኳ ልጄ አኮራኝ ነው ያለችው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ከዓመታት በኋላ ማስጠንቀቂያ ላከባት፦ ስሙ የእኔ የንግድ ምልክት ነው፣ ታፔላዎን ያውርዱ። ደወለችለት።

«ባኦሊን፣ የአባቴ ስም እኮ ነው።»

«እሱማ ነው፣ እማማ። ግን አላስመዘገቡትም። እኔ ጋ ይምጡና ይሥሩ፣ ጥሩ ደመወዝ እቆርጥልዎታለሁ።»

ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፣ ከልቧ አዘነችላት። ሕጉ ቀድሞ የሠራበትን ሳይሆን ቀድሞ ያስመዘገበውን እንደሚያስቀድም አስረዳቻት። ከባኦሊን በፊት በዚህ ስም መነገዷን የሚያሳይ ቀን ያለበት ደረሰኝ ወይም ልጣፍ ቢኖር፣ ወይም ተማሪዋ እንደነበር የሚገልጽ ውል ቢገኝ መከራከር ይቻል ነበር። እሱም ቢሆን ምዝገባው ይሰረዝልኝ የሚባልበት የአምስት ዓመት ጊዜ አልፏል። ደግሞስ ሱፈን ምን ልታሳይ ነው? የተጠጣ ሻይ?

ታፔላውን ራሷ አወረደችው። አባቷን ዳግመኛ የቀበረች መሰላት፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አምርራ አለቀሰች።

በሳምንቱ ፋን ዩዌ የምትባል የጥንት ደንበኛዋ መጣች። ከተማ ልጇ ዘንድ ከርማ መመለሷ ነው፣ የሆነውን አልሰማችም። እዚያ የሁዎ ቤትን ጠርሙስ ከሱቅ እየገዛች፣ ለጎረቤቱም ሁሉ የጓደኛዬ ነው፣ ግዙላት እያለች እንደከረመች በደስታ አወራቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አትቀየሚኝና፣ ዘንድሮ ውሃ ውሃ አለኝ። እጅሽ ደከመ እንዴ?»

ሱፈን የእኔ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። እንዲያ ብትል ግን የአባቷን ስም በገዛ አፏ ለባኦሊን መስጠት ሆነባት።

«አዎ» አለች፣ «ደክሞኛል።»