44 ታ. ጎ.

ዘመን ሲከፋ ጨዋታም ያሳስራል። መምህር አንዳርጋቸው ለተማሪዎቹ ማነቃቂያ ብሎ የፈጠራት እንቆቅልሽ ምንም ክፋት አልነበረባትም፤ ቁጥር ይጽፍና ከጎኑ የቃላቱን መጀመሪያ ፊደል ብቻ ያስቀምጣል። «7 ቀ. ሳ.» ካለ ሰባት ቀን ለሳምንት ነው። «13 ወ. ዓ.» ካለ አሥራ ሦስት ወር ለዓመት። በቃ፣ ይኸው ነው። አብዮት ጠባቂዎች ቦርሳውን ሲፈትሹ ግን «44 ታ. ጎ.» የምትል ወረቀት አገኙና የኋሊት አስረው ወሰዱት።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አንዳርጋቸውን ከፊት አቁመውታል። ሊቀመንበሩ ጓድ ማለደ ወረቀቷን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «አርባ አራት ታጣቂ ጎንደር ገብቷል ማለት ነው!» አለ።

የአንዳርጋቸው ታላቅ እህት የዓለምወርቅ ጆሮዋን አላመነችም። «አርባ አራቱን ታቦት!» እያለ ሲምል ያደገ የጎንደር ሰው ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ወይ ጉድ! ማለደ ራሱ እኮ ዳዊት የደገመ ልጅ ነው። ፍቺዋን ያውቃል፤ አሳምሮ ያውቃል።

«ታቦት ነው!» ብላ ተነሣች። «የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት!»

«አንቺ እህቱ ነሽ፤ ያንቺ ቃል አይሠራም» አላት ማለደ። « ሌላ መስካሪ ካለ ይነሣ። ከሌለ ዛሬውኑ ወደ ላይ ይተላለፋል።»

ወደ ላይ ተላልፎ የተመለሰ ሰው ማንም አላየም።

«አለ እንጂ! ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠይቋቸው!» አለች ፊቷ እየበራ። የነፍስ አባታቸው ናቸው። ባለፈው ሰንበት ከቤቷ ጠላ እየጠጡ ይህችኑ እንቆቅልሽ ገና ሲያዩዋት ፈትተው፣ «ይቺማ ለእኔ የተጻፈች ናት!» እያሉ ስቀዋል።

ቄሱ እየከበዳቸው ተነሡ። ማለደን አዩ፤ የጠባቂዎቹን ጠመንጃ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ… ጓድ ሊቀመንበሩ እንዳሉት ነው። ታጣቂ ይመስለኛል» አሉ።

ይመስለኛል አሉ እንኳ! አፈር ይብላና!

«ምነው፣ አባ?» አለ አንዳርጋቸው። ጠባቂዎቹ እየገፈተሩ ወስደው ደጅ የቆመ መኪና ላይ ጫኑት።

የዓለምወርቅ እየሮጠች ደጅ ስትወጣ መኪናው ሄዷል። ቄሱ ከኋላዋ ደረሱና መስቀላቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ ቤተሰብ አለኝ። ዘመኑን ታውቂዋለሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ነገ ጠዋት መጥቼ ቤትሽን ጠበል እረጭልሻለሁ።»

አልተሳለመችም። ስንት ዘመን ያጎረሰችው ያ አፍ አሁንም ሲንቀሳቀስ ማየቱ አቅለሸለሻት። እንትፍ አለች፣ ከእግራቸው ሥር።

«ቤቴስ ንጹሕ ነው፣ አባ» አለች። «ጠበሉን ራስዎ ይጠመቁበት።»