የተሸነፈ ይጽፋል

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን በቼዝ ማሸነፍ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። አንዴ ሁለቴ እንዳይመስላችሁ፤ በተከታታይ! ከዚያ በፊት የነበሩትን ሠላሳ ዓመታት ግን ባናነሳ ይሻላል። ከአራት ጨዋታ ሦስቱን የምትወስደው እሷ ነበረች።

ጨዋታቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው። የተሸነፈው ደብተሩን ይከፍትና ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ይጽፋል፤ ያሸነፈው እግሩን ዘርግቶ ሻዩን ይጠጣል። ሕጉን ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ "ስህተቱን በእጁ ያልጻፈ መቼም አይማርም" ባይ።

ይኼን ሁሉ ድል ይዞ ሰዓት ሠሪው ታዲያ ምን ጎደለው? የጎደለውስ ነበር። በቅርቡ የአንዱን ደንበኛ ሰዓት ለሌላው አስረከበ። ሰውዬው ስቆ መለሰለት እንጂ ነገሩ አያስቅም። በሳምንቱ ደግሞ በገዛ እጁ የፈታውን ሰዓት መግጠም ጠፍቶት ግማሽ ቀን አፍጥጦበት ዋለ፤ አርባ ዓመት በሠራበት ጠረጴዛ ላይ! ድካም ነው አለ ለራሱ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረው። ጭንቅላቱ የከዳው ሰው ያቺን የመሰለች ተጫዋች እንዴት ሦስት ዓመት ሙሉ ያሸንፋል?

ለዚህ ምስክር ፈለገ። ልጁ ካርታ የሚነሣበት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ኮምፒውተሯ ላይ የቼዝ ጨዋታ የሚመረምር ፕሮግራም አላት። ጨዋታውን ከጻፉለት እያንዳንዷን እርምጃ መዝኖ ይኼ ጥሩ፣ ይኼ ስህተት፣ ይኼ ጉድ ነው ይላል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰዓት ሠሪው እስከዚያ የሞሉትን ሰባት ደብተሮች በፌስታል ጠቅልሎ ወሰደላት።

"ሁሉንም ላስገባ?" አለች ልጁ።

"ሁሉንም። እናትሽ እንዳትሰማ። ውጤቱን አትመሽ ስጪኝ፤ ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅልባት።"

"ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ፣ አባዬ!"

"አምባሩን ተይውና ጻፊ።"

ሁለት ወር ፈጀባት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስጠራችው፤ ወንበሩን ለሱ ሰጥታ ራሷ ቆመች። ያኔ ነው ነገሩ ያላማረው።

"የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ተመልከት። ቀዩ መስመር ያንተ ስህተት ነው፤ ሦስት እጥፍ ሆኗል።"

"ታዲያ እንዴት አሸነፍኩ?"

"እማዬም ትሳሳታለች። የሷ ግን ሌላ ነው።"

አንዱን ጨዋታ ከፈተችለት። ሚስቱ ሠላሳ እርምጃ ያለ እንከን ተጫውታ፣ ማሸነፊያው አንድ እርምጃ ሲቀራት ንግሥቷን ጀማሪ እንኳ በማያስቀምጥበት ቦታ ዘፍ አድርጋ ታስበላለች። ሁለተኛው ጨዋታም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ልታሸንፍ ስትል ብቻ ነው የምትሳሳተው።

የሰዓት ሠሪው ደሙ ፈላ። "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ሦስት ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ኖራለቻ!"

"የምትስቅብህ አይመስለኝም" አለች ልጁ ቀስ ብላ። "ከሁሉም ጨዋታ ማሽኑ አልቀበልም ያለው አንድ ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አንተ የጻፍከው።"

ደብተሩን ገልጣ አስቀመጠችለት። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እስከ አሥራ ስምንተኛው እርምጃ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ፈረሱ ካልነበረበት ቦታ ይነሣል። ሃያኛው ላይ የተበላው ወታደር ተመልሶ ይራመዳል። ከዚያ ወዲያ ጽፎ ሰርዟል፣ ጽፎ ሰርዟል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከዚያች ገጽ በኋላ እስከ መጨረሻው ደብተር ድረስ ያለው የሚስቱ እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ያ ቀን ትዝ አለው። እሱ ሲጽፍና ሲሰርዝ ሚስቱ ሻይዋን ሳትጠጣ ታየው ነበር። በኋላ "ተወው፣ ዓይንህ ደክሟል" ብላ ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ተሸንፎ አያውቅም። እንዳይጽፍ ነዋ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ ያን ቀን ያየችውን እሱ ለማየት ሦስት ዓመትና አንድ ማሽን አስፈለገው። ሆድ ይፍጀው ብላ በየሳምንቱ ስትሸነፍ ኖረች፣ እሱ ደግሞ በየሳምንቱ ሲጎርርባት። ንዴቱ ጠፍቶ አፈረ።

"ምን ባደርግ ይሻላል?" አላት ልጁን። ምክር ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"እኔ እንጃ፣ አባዬ" አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ እሑድ እንደ ወትሮው ሰሌዳውን ዘረጉ። ሚስቱ እያጠበበች፣ እያጠበበች መጣችና መውጫ አሳጣችው። ከዚያ ንግሥቷን አንሥታ ወደ ሌላ ጥግ ልትወስዳት ስትል እጇን ያዘው።

"እዚያ አታድርጊያት።"

"ምን ሆነሃል፣ አንተ ሰውዬ? የራሴ ንግሥት አይደለች እንዴ?"

"ደብተሮቹን የልጅሽ ኮምፒውተር አነበባቸው።"

ሚስቱ ንግሥቷን መልሳ ከነበረችበት አስቀመጠቻት። "ስታሸንፍ ደስ ይልህ ነበር እኮ" አለች።

"ነበር። አሁን አሸንፊኝ። ነገ ደግሞ ሐኪም ቤት ይዘሽኝ ትሄጃለሽ።"

ንግሥቷን ከንጉሡ ፊት አቆመችበት። ጨዋታው አለቀ።

ሰዓት ሠሪው ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበና መጻፍ ጀመረ። አሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ብዕሩ ቆመ። ያኔ እንኳ አሥራ ስምንት ደርሶ ነበር። ሚስቱ ደብተሩን አልዘጋችበትም።

"ፈረሱን የት ነው የወሰድኩት?" አላት።

"ፈረሱን አልነካኸውም። የዳር ወታደርህን ነው የገፋኸው።"

"እሺ። ከዚያስ?"

ወንበሯን አዙራ አጠገቡ ተቀመጠች። እየነገረችው ጻፈ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲጨርሱ ከገጹ ግርጌ፣ እንደ ሕጉ፣ "የተሸነፈው" ብሎ ስሙን ጻፈ። ስሙን ማንም አልነገረውም።