ሦስተኛው ከረጢት

«ዛሬ ዞረህ ነጥብ ካላስቆጠርክ ሰኞ ወደ ጉድጓድህ ትመለሳለህ» አለኝ ካፒቴናችን ድራይስ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል የጫማዬን ክር ሳስር።

«ጉድጓድ» ያለው የድንጋይ ከሰል ማውጫውን ነው። ከአባቴ ጋር አራት ዓመት ቆፍሬበታለሁ። ባለፈው ዓመት ለኳስ ብዬ ስወጣ እሱ እያሳለ እዚያው ቀረ። እንደገና ወደዚያ መውረድን ሳስብ በጠራራ ፀሐይ ይበርደኛል። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም።

ቤዝቦል በወጉ ከተጫወቱት ቀላል ነገር ነው። ኳሷ በዱላ ስትመታ ሦስት የአሸዋ ከረጢቶችን በየተራ እየረገጡ ዞሮ ወደ መምቻው ቦታ መግባት ነው፤ የገባ ሁሉ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። በ1887 ግን በፔንሲልቬንያ ከተሞች በወጉ የሚጫወት ማን ነበር? ዳኛው አንድ ሰው፣ ያውም ሁለት ዓይን ብቻ ያለው። ኳሷ ርቃ ስትሄድ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ያኔ ሯጩ ሦስተኛውን ከረጢት ሳይረግጥ በሣሩ መሃል አቋርጦ ይገባል። እኔን ያስተማረኝ ራሱ ድራይስ ነው። ፀደዩን ሙሉ አለማመደኝ፤ ኳሷን ፈጽሞ እንዳላይ፣ ዓይኔን ከዳኛው ጀርባ እንዳልነቅል አጥብቆ ነገረኝ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስን። በአንድ ነጥብ ተበልጠናል፤ ዳኛው አንዳችንን «ወጥተሃል» ካለ ደግሞ ጨዋታው ያልቃል። እኔ ሁለተኛው ከረጢት ላይ ቆሜያለሁ። የእንግዶቹ ደጋፊዎች ከአጥሩ ሥር አልተውኝም።

«ኪዮ፣ የጉድጓድ መብራትህን ይዘሃል? ሰኞ ይጨልምብሃል!» አለ አንዱ፣ ሁሉም ሳቁ።

ወሬው ከማን እንደወጣ እግዜር ይወቀው። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ።

መቺያችን ቮግል ነበር፤ ዱላውን ሰነዘረና ኳሷን ወደ ቀኝ አርቆ ላካት። ተፈተለክሁ። ዳኛው ሚስተር ፔቲቦን ወደ ኳሷ ዞረ፤ ሰፊ ጀርባውን አየሁ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። ከሦስተኛው ከረጢት አሥር እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ታጥፌ በሣሩ አቋረጥኩ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ደስታ መሰለኝ። ገባሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ሣሩን ሳምኩት።

ቀና ስል ሚስተር ፔቲቦን እኔን እያየኝ ነው።

«ሦስተኛውን አልረገጥክም፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ወጥተሃል። ጨዋታው አበቃ።»

ያኔ ነው ወደ ቀኝ የዞርኩት። የእነሱ ተከላካይ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ኳሷ ተንከባላ ከተመልካቾቹ ጋሪዎች ሥር ገብታለች፤ የሚያነሳት እንኳ የለም። ዳኛው የሚያየው ነገር ቢያጣ ነው ፊቱን ወደኔ የመለሰው። እየተራመድኩ እንኳ ዞሬ እገባ ነበር። ከኋላዬ የሚሮጠው ቮግልም ገብቶ እናሸንፍ ነበር። እነዚያን አሥር እርምጃዎች ዛሬም ሳስባቸው ራሴን እጠላዋለሁ።

ድራይስ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቆ መጣና የሸሚዜን ኮሌታ ያዘ። ሰው ሁሉ ከብቦን ይሰማል።

«እንዲህ ያለ ነውር ማነው ያስተማረህ?» አለኝ።

ዓይን ዓይኑን አየሁት። አላፈረም። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን ነውሩን ብሸሽግለት ይምረኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ማንም» አልኩት።

ኮሌታዬን ለቀቀ፤ የቡድኑን ቆብ ከራሴ ላይ አነሳና ሄደ።

ሰኞ ማለዳ አባቴ ቀድሞኝ ተነስቷል። ሁለት የጉድጓድ መብራት ዘይት ሞልቶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።