ከስዊድን የመጣው የራስጌ ድንጋይ

ፕሮፌሰር ዋቅወያ ጉሉማ በሞቱ በአምስተኛው ወር ነቀምት ገባሁ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡት ሰው “ለቅሶ ልደርስ ነው” አልኳቸውና ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የመጣሁት አንድ ድንጋይ ፍለጋ ነበር፤ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት።

ፕሮፌሰሩ ሥነ ምድር ያስተማሩኝ፣ ስዊድን ሄጄ እንድማር ደጅ የጠኑልኝ፣ ስሄድም የራሳቸውን ካፖርት ያለበሱኝ ሰው ናቸው። ለሃያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ክረምት በተዘጋ ቁጥር ወደ ወለጋ ይመጣሉ። ሌላው ሰው ከዝናብ ሲጠለል እሳቸው መዶሻ ይዘው ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ። የሰበሩትን ድንጋይ መልኩ እንዲወጣ በምላሳቸው ይልሱታል፤ ከዚያ በነጭ ቀለም ቁጥር ይጽፉበትና በጆንያ አድርገው እህታቸው ቤት ያስቀምጡታል። የነቀምት ሰው “አባ ዳጋ” ይላቸው ነበር፤ የድንጋይ አባት ማለት ነው። ለመንግሥት ወርቅ እንደሚፈልጉ የሚጠራጠር አልነበረም። ሃያ ዓመት ፈልገው ወርቅ በማጣታቸው፣ አልፎም ድንጋይ እስከ መላስ በመድረሳቸው፣ ከልቡ የሚያዝንላቸው ብዙ ነበር።

እኔና እሳቸው የተጣላነው በዲዴሳ ዳር ባለ ነጭና ጥቁር አለት ነው። በእሳቸው የወለጋ ካርታ ላይ ጥቁሩ ባለቤት ነው፤ ነጩ ኋላ ከታች ቀልጦ የገባበት እንግዳ። እኔ ደግሞ ስዊድን ተቀምጬ፣ ዲዴሳን ካየሁ አራት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ የቀደመው ነጩ ነው ብዬ ሦስት መቶ ገጽ ጻፍኩና ዶክተር ተባልኩ። አንድ ቅጂ ከደብዳቤ ጋር ላክሁላቸው። ደብዳቤው ውስጥ “ዘመኑ ስላለፈብዎ አይፈረድብዎትም” የሚል ቃል ነበረበት። ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

መልሳቸው አንዲት ፖስት ካርድ ነበረች። “ዳዲ፣ ድንጋዩን ሳታይ አትፍረድ” ትላለች፤ ሌላ የለም። ናና እይ ማለታቸው መሰለኝ። አንድ ዓመት ዘገየሁ፤ እሳቸው አልጠበቁኝም።

መቶ አሥራ ሰባት ሁለቱ አለቶች ከሚገናኙበት ቦታ የተሰበረ ብቸኛ ናሙና ነው። ቦታው ራሱ በጎርፍ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። በነጩ ሆድ የጥቁሩ ስባሪ ካለ፣ ነጩ ኋላ መጥቶ ነው የዋጠው። “ያልተወለደን ማን ይውጣል?” ይሉን ነበር ፕሮፌሰሩ። ከሌለ ግን የእኔ ነገር ይጸናል። ስመለስ የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት አዲሱን ካርታ በእኔ እርማትና በእኔ ስም ሊያሳትም ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው የእኔን ቃል ብቻ ነበር። እኔ ቃሌን እንዳልሰጥ ያቺ ፖስት ካርድ ከኪሴ አልወጣ አለችኝ።

የፕሮፌሰሩ እህት አዴ ድርቤ ጨለለቂ ባለው ቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ።

“ዳዲ! በጋ ዱፍቴ፣ ኢልመ ኮ!” እንኳን መጣህ ልጄ ብለው አገላብጠው ሳሙኝ፤ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ “ከሳህ። ስዊድን ምግብ የለም እንዴ?” አሉ።

ወጉ ግድ ነውና አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሕመማቸውና ስለ ቀብራቸው ሲነግሩኝ ቆየሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

“አዴ ድርቤ፣ የጋሼ ድንጋዮች የት አሉ?”

“ድንጋዮቹማ ተሠሩ።”

“ምን ተሠሩ?”

“መቃብሩ ተሠራባቸዋ! ነገ እሑድ ይመረቃል። እግዜር አንተን በቀኑ አመጣህ።”

 አባታቸው ኦቦ ጉሉማ፣ እንደ ድሮ ሽማግሌ ወግ፣ የመቃብራቸውን ድንጋይ በቁማቸው ሰብስበው ጓሯቸው ከምረው ነበር የሞቱት። ልጃቸው ደግሞ ቤት ሳይሠራ፣ ሚስት ሳያገባ፣ ሃያ ዓመት ድንጋይ ሲለቅም ቆየ። ይህን ያየ ዘመድ ሌላ ምን ያስብ?

“አባቴ ቁጥር አልጻፈበትም ነበር” አሉ አዴ ድርቤ በኩራት። “እሱ ግን የተማረ ነው፤ ለግንበኛው እንዲመች አድርጎ ተወው።”

በዚያው ጠዋት ፕሮፌሰሩ ወደተቀበሩበት ወደ ጉቴ ሄድኩ። ግንበኛው ደረሳ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመጨረሻውን ሲሚንቶ ሲለስን አገኘሁት። መቃብሩ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ለሺህ ዓመት የተሠራ የሚመስል ነገር ነው። አራት መቶ ናሙና ቁጥሩን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ተደርድሯል።

“እንዴት አድርገህ ደረደርካቸው?” አልኩት።

“እኔ መቼ ደረደርኩ ጌታዬ! ከእግርጌ አንድ ብዬ ጀምሬ የእሳቸውን ቁጥር ነው የተከተልኩት። ስንት አሠሪ አይቻለሁ፤ ሞቶ እንዲህ የሚያዝዝ አላየሁም። ይኸው አምሳና አምሳ አንድ! አንድ ቦታ የተፈለጡ አይመስሉም?”

አምሳና አምሳ አንድ የመጡት የአምስት ቀን የበቅሎ መንገድ ከሚለያቸው ሁለት ወንዞች ነው።

“መቶ አሥራ ሰባት የቱ ነው?”

“እሱ አልነበረም። ጆንያውን ሁሉ ገለበጥኩ፤ የለም። በተራ ድንጋይ ሞላሁት። ይቅር ይበሉኝ” አለና ወዲያው ፊቱ በራ። “ራስጌው ላይ ግን የእርስዎን አደረግንበት!”

“የእኔን?”

“ከስዊድን የላኩላቸውን!”

እጄን ይዞ ወሰደኝ። ከስማቸው በላይ መጽሐፍ የምታህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ተተክላለች። ፊቷ በመጋዝ ተቆርጦ ተወልውሏል፤ ላይዋ ግን የሲሚንቶ ብናኝ አለበት። ጎንበስ ብዬ በምላሴ ላስኳት። ነጭ ናት። መካከሏ ላይ የስኒ አፍ የምታህል፣ ጠርዟ የሾለ ጥቁር ስባሪ ብቅ አለች።

ቀና ስል ደረሳ ተሸማቆ ግራ ቀኝ ያያል። “ጌታዬ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ግን እኛ ወንጌላውያን መቃብር አንሳለምም” አለኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ “ግሩም ድንጋይ ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ አይገኝም” ሲል ጨመረ።

ጨለለቂ ተመልሼ ድንጋዩ የመጣበትን እሽግ ጠየቅሁ። አዴ ድርቤ አቡጀዲውን አጥበው፣ አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። እሽጉ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ የውጭ አገሩን ማኅተም አይቶ “ለዋቅወያ፣ ከስዊድን” ብሎ ሰጥቷቸዋል። ጨርቁን ዘረጋሁት። የፕሮፌሰሩ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የእኔ ስም፣ የእኔ መንገድ፣ የእኔ የቤት ቁጥር። በሰማያዊ እርሳስ ተሰርዟል፤ አጠገቡ በስዊድን ቋንቋ “ተቀባዩ አልወሰደውም” የሚል ማኅተም አለ። ቢታጠብም አልለቀቀም። ፕሮፌሰሩ ድንጋዩን ቆርጠው፣ ቁጥሩ እስኪጠፋ ወልውለው፣ ለእኔ ልከውልኝ ነበር።

የፖስታ ቤቱ ወረቀት ትዝ አለኝ። “ከኢትዮጵያ፣ ክብደቱ አራት ኪሎ” ይላል። ከዚያ በፊት አዴ ድርቤ ሦስት ጊዜ ጭኮ ልከውልኝ ነበር፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በአቡጀዲ የተሰፋ፣ አራት አራት ኪሎ። በመርከብ ሁለት ወር ተጉዞ ሲደርስ የነበረውን ሽታ አልናገርም። የመጀመሪያውን የቤት አከራዬ በአካፋ አወጣችው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እኔው ጣልኩ። አራተኛው ወረቀት ሲመጣ ፖስታ ቤት አልሄድኩም።

ከሰዓት በኋላ ለመሥሪያ ቤቴ ቴሌግራም ላክሁ። “ነጩ ኋላ መጣ። ካርታው እንደ ነበረ፣ በፕሮፌሰሩ ስም ይታተም።” ሦስት መቶ ገጽ በዘጠኝ ቃል አፈረስኩ።

እሑድ ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሁሉ መቃብሩን ከበበ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ ተረፈ ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት አወጡኝ።

“ተማሪ እንዲህ ነው!” አሉ። “ስንቱ ባሕር ማዶ ሄዶ መምህሩን ረሳ! ይህ ልጅ ግን የራስጌ ድንጋይ ላከ!”

እልልታው ሲበርድ ተናገርኩ።

“ይህ ድንጋይ ከስዊድን አይደለም፤ ከዲዴሳ ነው። ፕሮፌሰሩ ተሳስተሃል ሊሉኝ ላኩልኝ፤ እኔ ከፖስታ ቤት ሳልወስደው ቀርቼ ተመለሰ። ተሳስቼም ነበር። ላመሰገን አይገባኝም።”

 ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም “አይ ትሕትና!” የሚል ድምፅ ተነሣ።

“አያችሁ?” አሉ ኦቦ ተረፈ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። “ዋቅወያም ምስጋና አይወድም ነበር። መምህሩ የቀረጸው ልጅ ነው።”

“ዶክተር፣ ማኅተሙን አይተናል እኮ!” አለ ሲሚንቶውን የሰጠው የጉራጌ ነጋዴ ሸዋርጋ። “እኔስ ሲሚንቶው ከእኔ ሱቅ አልወጣም ብል ማን ያምነኛል?” ሰው ሳቀ። ዲዴሳ ዳር የተወለዱ አንድ አዛውንት ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በአገራቸው ኖሮ እንደማያውቅ መሰከሩብኝ።

ስንመለስ አዴ ድርቤ ክንዴን ይዘው ከሰው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

“የዲዴሳ ነው ያልከው እውነትህን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“እሱ ልኮልህ አልወሰድክም?”

“አልወሰድኩም።”

ጥቂት ተራመዱ። የሚወቅሱኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

“እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ጭኮ ልኬልህ ነበር” አሉ ቆም ብለው፣ ፊቴን እያዩ። “እሱንስ ወስደህ በላህ?”

“በላሁ” አልኳቸው። “ጣቴን እየላስኩ።”

አዴ ድርቤ ፈገግ አሉ። ይህን አመኑኝ።