የተተኮሰው ጃኬት

በታይዋኗ የወደብ ከተማ በኪሉንግ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ዓሣው ወደቡን ትቶ በየጎዳናው ይዋኛል። የሚጠራጠር ካለ ጉዎ-ዶንግን ይጠይቅ፤ መንገድ ለጠፋበት አንድ ዓሣ አቅጣጫ አሳይቷል። ጉዎ-ዶንግ በወደቡ ገበያ የዓሣ ድቡልቡል በሾርባ ይሸጣል። ሾርባው ሙት ያስነሣል፤ የተነሣውም ሳይደግም አይሄድም።

ይህ ሁሉ አፍ ግን አንዲት ቃል ማውጣት ተስኖት ኖሯል፦ «ና»።

ልጁ ቦ-ሼንግ ሩቅ ባሕር ላይ ቱና ከሚያጠምድ መርከብ ተቀጥሮ ከሄደ ዓመታት ሆኑ። መርከቡ ወደብ ሲነካ ይደውላል። «አባዬ፣ እንዴት ነህ?» ሲለው፣ ጉዎ-ዶንግ «እኔማ ምን እሆናለሁ! የሾርባዬ ዝና አንተ ያለህበት አልደረሰም?» ይልና ስልኩን ይዘጋል። ከዚያ እስከ ማታ ሽንኩርት የሚልጥ ይመስል ዓይኑን ያብሳል።

ሴት ልጁ ፔይ-ዩን በዋና ከተማዋ በታይፔ ፊልም ትማራለች። ለመመረቂያዋ የምትሠራው አጭር ፊልም ስለ ወንድሟ ወንበር ነው። በአገሩ ልማድ በዓመቱ መጨረሻ እራት ላይ የራቀ ሰው ካለ ልብሱ ወንበሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ አብሮ እንደበላ ይቆጠርለታል። የቦ-ሼንግ ቡኒ ጃኬት ካወለቀው ቀን ጀምሮ ውሃ አልነካውም። ክርኖቹ አሁንም ክንድ ያለባቸው ይመስል እንደታጠፉ ናቸው። ፔይ-ዩን ጃኬቱን በካሜራ ቀረጸችው፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ስስ ወረቀት እየደረበች ሣለች። ከክርኑ ጭምድድ መስመር ይወጣል፣ መስመሩ ክብ ይሆናል፣ ክቡ ይፈነዳና ቤቱን ይሞላል። ወረቀቱ ተቆልሎ ጣሪያውን ሊያነሣ ምንም አልቀረው።

«ታዲያ ልጄ የታለ?» አላት ጉዎ-ዶንግ ሥራዋን ስታሳየው። «እኔ የሚታየኝ የተደፋ አረንጓዴ ቀለም ነው።»

«እሱን አልሣልኩም አባዬ። አለመኖሩን ነው የሣልኩት።»

«አለመኖር አረንጓዴ ነው እንዴ?»

«ጠዋት ጠዋት አረንጓዴ ነው።»



አሁን የቀረው አንድ ትዕይንት ነበር፤ አባትየው ከጃኬቱ አጠገብ ተቀምጦ ሾርባ ሲበላ። ፊልሙ ሲያልቅ፣ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ለቦ-ሼንግ ይላክለታል። ይህን ከሰማ በኋላ ጉዎ-ዶንግ ገበያውን አመሰው።

«ዋናው ተዋናይ እኔ ነኝ!»

«ያንተን አፍ የሚችል ካሜራ ተገኘ?» አለችው ኦይስተር የሚባለውን ባለዛጎል የባሕር ምግብ የምትሸጠው ወይዘሮ ሺው።

«በልዩ ትዕዛዝ ነው ያሠራነው!»

በቀረጻው ዕለት ፔይ-ዩን ካሜራዋን ተሸክማ ስትገባ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ጠበቃት። ታጥቧል፣ በካውያ ተተኩሷል።

«አባዬ! ምን አደረግክ?»

«አሳመርኩት እንጂ! መታጠፊያውን ተመልከቺው፣ ጎመን ይከትፋል!»

ልጅቷ አንዱን ሥዕል አንሥታ ጃኬቱ ላይ ደቀነችው። መስመሩ የሚነሣበት ጭምድድ የለም፤ ቀለሙ ባዶ ጨርቅ ላይ ይንሳፈፋል። «ክርኑ ነበር እኮ፣» አለች ቀስ ብላ። «ከሱ የቀረን ክርኑ ነበር።»

ጉዎ-ዶንግ አፍንጫውን ኮሌታው ውስጥ ከተተ። ሳሙና ብቻ ሸተተው። 

«ቅርጫት የምንሸከመው በተመሳሳይ ጎን ነው፤ እኔና እሱ፣» አለ። «ክንዳችንም አንድ ነው።»

ጃኬቱን ለበሰው። ትከሻው ልክ ሆነለት። ተቀመጠ፣ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ አጠፋቸው፤ ጨርቁ እንዲጨማደድለት ጠብቆ ቆየ። ፔይ-ዩን ድምፅ ሳታሰማ ካሜራውን ከፈተች።

ጉዎ-ዶንግ በመመገቢያ እንጨቶቹ አንድ ድቡልቡል አንሥቶ በልጁ ባዶ ሳህን ውስጥ አኖረ። ስለ ሾርባው ሊፎክር አፉን ከፈተ። 

«ቦ-ሼንግ፣» አለ። «እየቀዘቀዘ ነው። ና።»

ዝናቡ እንኳ ያዳመጠ ይመስል ጋብ አለ።

«ይሄን አላልኩም፤ ቁረጪው!» አለ ወዲያው።

«አልቆርጠውም።»

ጃኬቱን አውልቆ ሲሰቅለው ክርኑ ታጥፎ ቀረ፤ ግን ጭምድዱ የአባትየው ነበር፣ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ታች የወረደ። የድሮዎቹ ሥዕሎች አልገጠሙም። ፔይ-ዩን አዲስ ወረቀት ሳበችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አባትየው እርሳስ እየቀረጸ ያቀብላት ጀመር።

በማግስቱ ወይዘሮ ሺው ገበያ ላይ ያዘችው። «እህ፣ ተዋናዩ! ስንት ሰዓት ለፈለፍክ?»

«ቁም ነገሩ አንድ ቃል ነው።»

«አንተ? አንድ ቃል?»

«መርከብ የሚያዞር ቃል ነዋ!» አለ ጉዎ-ዶንግ፤ ብሎም ጭልፋውን እንደያዘ ወደ ባሕሩ ዞሮ ቆመ፣ መርከቡ ሲዞር እንዳያመልጠው።